ዝንጀሮ የተከሰሰበት ዓመት

ቅኔ ቤት ስገባ ዳዊት በቃሌ ነበር። ውዳሴ ማርያሙም፣ ጾመ ድጓውም እንዲሁ። የዜማ መምህሬ «የዚህ ልጅ ጆሮ ሰም ነው፤ ያረፈበት ሁሉ ይቀረጽበታል» እያሉ በሰው ፊት ሲያመሰግኑኝ ደረቴ እንደ ከበሮ ይወጠር ነበር። ሰው ያለውን አንዲት ፊደል ሳልስት መልሼ ማለት እችላለሁ። ትምህርት ማለት ለእኔ ይኸው ነበር፤ የሰሙትን ጠብ ሳያደርጉ ማድረስ፣ እንደ ውኃ ቀጂ።

ስለዚህ ከዜማ ቤት ወጥቼ፣ ከደብረ ማርቆስ እምብዛም በማይርቅ አንድ የገጠር ደብር ቅኔ ልማር ስሄድ ብዙ የሚያስቸግረኝ አልመሰለኝም። ጢሜ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ ነበርሁ። ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን በትከሻዬ አንግቼ፣ ውሾች እያሯሯጡኝ ደረስሁ።

መምህራችንን እንደ ተማሪ ሁሉ ልማድ የኔታ እንላቸዋለን። አጠር ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ፣ ሁልጊዜ በከንፈራቸው አንዲት የሣር ሰበዝ የሚይዙ ሰው ነበሩ። ተማሪው ቅኔውን ሲነግራቸው ሣሯን ያኝካሉ። የነገራቸው ከንቱ ከሆነ ማኘካቸውን አያቋርጡም። ደኅና ነገር ከሰሙ ግን ሣሯን ከአፋቸው ያወጧታል። በጣም ደስ ካላቸው ደግሞ «ይበል!» ይላሉ። ይህን ቃል ለማግኘት ጦሙን የሚያድር ተማሪ አውቃለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ከፊታቸው አስቀምጠው የቤቱን ሕግ ነገሩኝ።

«እዚህ ሌላው ያለውን አትልም። ትናንት ራስህ ያልኸውንም ዛሬ አትልም። በየቀኑ አዲስ ነገር ይዘህ ትመጣለህ።»

«አዲሱን ከየት አመጣዋለሁ፣ የኔታ?» አልኋቸው።

«ከየት እንደሆነ ብነግርህማ የእኔ ይሆናል እንጂ የአንተ አይሆንም» አሉና ሣራቸውን ማኘክ ቀጠሉ።

ለማያውቀው ሰው ላስረዳ። የቅኔ ተማሪ ጥዋት ግሱንና አገባቡን ይማራል። ከዚያ እያንዳንዱ ወደየዛፉ ይሄድና ደበሎውን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። መቁጠር የምንለው በግእዝ አዲስ ግጥም መፍጠሩን ነው። ግጥሙ ከላይ አንድ ነገር ይናገራል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ይደብቃል፤ ላዩ ሰም ነው፣ ውስጡ ወርቅ። ጀማሪ የሚጀምረው ጉባኤ ቃና ከምትባለው ከትንሿ ነው፤ ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። እሷን የቻለ ወደ ሦስቱ፣ ወደ አምስቱ እያለ እስከ መወድስ ይወጣል።

እኔ ከሁለቱ ስንኝ ማለፍ አቃተኝ። ከዛፌ ሥር ቁጭ ብዬ ጭንቅላቴን ባንኳኳው የሚወጣው ዳዊት ነበር። ልቤ የሰው ቃል የሞላበት ጎተራ ሆኖ፣ የራሴ የምለው አንዲት ፍሬ አጣሁበት። አንድ ቀን የጨነቀኝ ጊዜ፣ በሌላ ደብር የሰማኋትን አንዲት ጉባኤ ቃና ትንሽ ልብሷን ለወጥ አድርጌ ነገርኋቸው። የኔታ ሣራቸውን እያኘኩ ሰሙኝና «ቆንጆ ልጅ ናት፤ አባቷ ማነው?» አሉኝ። ጓደኞቼ በሳቅ ደበሎአቸው ውስጥ ገቡ።

እንዲህ እንዲህ ስል ሁለተኛው ክረምት መጣ። ከእኔ በኋላ የመጡት መወድስ ሲዘርፉ እኔ ያው ጉባኤ ቃናዬ ላይ ነኝ። ከሁሉም የሚብስብኝ አስነጋሪያችን ነበር። አስነጋሪ ማለት የጀማሪዎችን ቅኔ አስቀድሞ እየሰማ የሚያቀና ከፍተኛ ተማሪ ነው። የእኛው ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲቆጣ የአንገቱ ጅማት የሚቆጠር ሰው ነበር። ገና ስመጣ ሲያየኝ «ዛሬም ባዶ እጅህን ነህ?» ይለኛል። «ዛሬም» እለዋለሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን የሠራው በዚያ ሰሞን ነው። ከተማው ሩቅ ባለመሆኑ የመኪናው ጉርምርምታ እኛ ዘንድ ይሰማል። አውሮፕላን በደብሩ ላይ ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ተማሪው የጀመራትን ቅኔ ከአፉ ይጥላል። በከተማው ትምህርት ቤት ተከፈተ ተብሎ ከጓደኞቻችን አንዱ ሄዶ አየው። ሲመለስ ከበብነው።

«ምን ያስተምራሉ?»

«ተሰልፎ እጅ ማንሣት ነው። ከዚያ በእነሱ ቋንቋ አንድ መዝሙር ሁሉም አብሮ ይጮኻል።»

«ምን ማለት ነው መዝሙሩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የሚዘምሩትም አያውቁት።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን በልቤ፣ እዚያ ብገባ አንደኛ እወጣ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ሐሳቡ አላስደሰተኝም።

ብዙም ሳይቆይ ደብሩ ለጉባኤ የማይሆን ቦታ ሆነ። ወታደር ይመላለሳል፤ የሚለመን እህልም ጠፋ። ገሚሱ ተማሪ ወደየአገሩ ገባ፤ አንዳንዱ ደበሎውን ጥሎ አርበኛውን ተከተለ። የቀረነውን የኔታ ሰበሰቡንና «ጉባኤ እግር አለው» ብለው ይዘውን ተነሡ። ከይጁቤ ወዲያ፣ ሜዳው አልቆ ወደ ዓባይ የሚወርደው ገደል ከሚጀምርበት አንድ መንደር እኅታቸው ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ባዶ የቀረ የከብት በረታቸውን ለቀቁልን፤ ጠርገን፣ ሣር ጎዝጉዘን ገባንበት።

መንደርተኛው ደግ ነበር፤ ነገር ግን ተራፊ እህል አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ወደ የኔታ መጡና «እንግዲህ የኔታ» አሉ አንደኛው፣ «ማሽላችን ደርሷል፤ ዝንጀሮውም ደርሷል። ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው ይጠብቁልን፤ እኛም እንመግባቸዋለን። ቅኔአቸውን እዚያው ይቁጠሩ።» የኔታ ተስማሙ። እኛም በየማሳው ዳር በእንጨት ወደ ተሠራው ማማ ወንጭፋችንን ይዘን ወጣን።

የደስታዬ ዘመን የጀመረው እዚያ ነው። ከማማዬ ላይ ሆኜ ሥሬ ያለውን ገደል፣ ከገደሉ ወዲያ ሰማያዊ የሆነውን ቆላ ሳይ እውላለሁ። ዝንጀሮዎቹ ጥዋት ፀሐይ ሲሞቃቸው ከገደሉ ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ የሚመጣው ጎፈሩ ትከሻውን ያለበሰው፣ ደረቱ እንደ ፍም የቀላው አውራ ነው። ከማሳው ዳር ቁጭ ብሎ፣ ርስቱን ሊያይ እንደ መጣ ባላባት፣ ጎፈሩን እያበጠረ ይመለከተኛል። ወንጭፌን ሳነሣ ወደ ሌላ ያይና «እኔ ምን አደረግሁ?» የሚል ፊት ያሳያል። ሳወርድ አንድ እርምጃ ይጠጋል። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን አዝለው ይከተሉታል፤ አንዱ ሲሰርቅ ሌላው ዘብ ይቆማል።

ቅኔዬን እንድቆጥር ነበር የተላክሁት። እኔ ግን ዝንጀሮውን አጠና ጀመር። አስቤበት አይደለም፤ ዓይኔን ማንሣት አቅቶኝ ነው። አቀማመጡን፣ ማዛጋቱን፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ሰብስቦ የሚያስፈራራበትን መላ ሁሉ በገላዬ ሞከርሁት። በጥቂት ቀን ውስጥ ድምፁንም ያዝሁት። አንድ ጥዋት ከማማዬ ብጮህ አውራው ዞሮ መለሰልኝ። ከጎን ባሉት ማማዎች ያሉ ጓደኞቼ በሳቅ ሊወድቁ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «እስቲ አውራውን አምጣልን» ይሉኛል፤ እኔም ማማዬ ላይ ጎፈሬን እያበጠርሁ ስጎማለል እውላለሁ።

አስነጋሪው ሰማ። ሰምቶም አልቀረ፣ ለየኔታ ነገረ። «ይህ ልጅ ቅኔ አይቆጥርም። ከዝንጀሮ ጋር ሲያወራ ይውላል።»

የኔታ ማኘካቸውን አላቋረጡም። በማግስቱ ግን እኔ ሳላያቸው መጥተው ከቁጥቋጦ ኋላ ተቀመጡ። እኔ ያን ቀን በተለይ ተሳክቶልኝ ነበር። ከማማው ወርጄ፣ በአራት እግሬ ሄጄ፣ አንዲት የማሽላ ራስ አንሥቼ፣ ሌባ እንዳልሆንሁ ለማስረዳት ወደ ሰማይ እያየሁ ስበላ፣ ከኋላዬ የሰው ሳቅ ሰማሁ። ዞር ብል የኔታ ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ሣራቸው ከአፋቸው ወድቋል።

ደንግጬ ተነሣሁና እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ተው፣ ተው። ዝንጀሮነትህን አትተው። ምን እያለ ነው?»

«ማን፣ የኔታ?»

«ዝንጀሮው ነዋ! አሁን ወደ ሰማይ ሲያይ ምን እያለ ነው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ከቃሌ የምመዝዘው መልስ አልነበረም። አፌ ግን በራሱ ተከፈተ፤ «‹ይህን የሚያበቅለው ዝናብ ነው፤ ዝናቡን የሚሰጠው እግዜር ነው፤ ገበሬው በመካከል ምን አገባው?› እያለ ነው» አልሁ።

የኔታ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እሺ! ገበሬው መጥቶ ‹አርሼበታለሁ› ቢለውስ?»

«‹ማን እረስ አለህ?› ይለዋል።»

«ስንኝ አድርገህ ንገረኝ። በግእዝ አይደለም፣ በአማርኛ። አሁን።»

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ሁለት ክረምት ከዛፍ ሥር ተከናንቤ ያጣሁት ነገር፣ እዚያ ማሳ ውስጥ በአራት እግሬ ቆሜ መጣ፦

«ገበሬ ዘራልኝ፤ እኔም በላሁለት፣
ማን ጌታ ማን ሎሌ ዳኛው ይለዩለት።»

«የማን ናት ይህች?» አሉኝ የኔታ፣ ዓይናቸውን አጥብበው።

«የዝንጀሮው ናት።»

«የአንተ ናት!» አሉና ትከሻዬን መቱኝ።

በዚያው ዕለት ጉባኤውን ሰብስበው አዲስ ነገር አወጁ። ኅዳር ሚካኤል የመንደሩ ንግሥ ነው። ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ በዋርካው ሥር፣ በመንደርተኛው ፊት ዝንጀሮና ገበሬ በግጥም ይሟገታሉ። ተማሪ ሁሉ ድርሻ አለው፤ ማንም የሌላውን ድርሻ አይጽፍለትም፣ የየራሱን ይፈጥራል። ዳኛው የኔታ ራሳቸው ናቸው። ዝንጀሮው እኔ ነኝ። ገበሬው አስነጋሪው ነው።

አስነጋሪው ጅማቱ ተገተረ። «የኔታ፣ ይህ የአዝማሪ ሥራ አይደለም? ተማሪ አደባባይ ወጥቶ ሊዘል ነው?»

«ዳዊት በታቦቱ ፊት ሲዘል ተማሪ አልነበረም፤ ንጉሥ ነበር» አሉት።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ቀናት የሥራም የፈንጠዝያም ነበሩ። ከጓደኞቻችን አንዱ ማስፈራሪያ ሊሆን መረጠ፤ እጁን ዘርግቶ የሚቆም፣ ምስክር ሆኖ ሲጠራ ግን «አየሁ፤ ነገር ግን እግር የለኝም» የሚል። ሌላው ወፍ ሆነ። አንዱ የግድ ማሽላ ካልሆንሁ አለ፤ ማሽላ በችሎት ምን እንደሚናገር ሲያስብ ሦስት ቀን ምግብ ረሳ። የየኔታ እኅት ጭራዬን ከቃጫ ጎነጎኑልኝ። ሲለኩልኝ «ረዘም ይበል፣ እማማ» ብላቸው «ቢረዝም ትረግጠውና ትወድቃለህ፤ ዝንጀሮ በጭራው አይወድቅም» አሉና አሳጠሩት። ለደረቴ ቀይ አፈር በቅቤ ለወስን፤ ለፊቴ ከሰል ደቀቅን። ያ ሁሉ ልጅ በየማማው ላይ ስንኝ ሲያጉረመርም ስትሰማ ማሳው ራሱ የሚያወራ ይመስልሃል። ግእዙም አልተተወም፤ እንዲያውም ሁሉም ጥዋት ጥዋት የሚያመጣው ቅኔ አማረ።

አስነጋሪው ብቻ ተቸገረ። በቅኔ የሚደርስበት አልነበረም፤ ግን እንደ ገበሬ መቆጣት አልሆነለትም፤ ሲናገር መጽሐፍ የሚያነብ ይመስላል። አንድ ቀን ከማማዬ ወርጄ፣ ሳላስፈቅድ የጉዝጓዙን ሣር ከሥሩ ነጥቄ እንደ ዝንጀሮ ሮጥሁ። ተነሥቶ አባረረኝ። እያባረረም ሰደበኝ፤ ከእናቱ ቤት የተማረውን፣ የመርጡለ ማርያምን ገበሬ ስድብ ሁሉ አወረደብኝ። ደክሞት ሲቆም እኔም ቆምሁ። እርስ በርስ ተያየን። «ይኸው፣ ገበሬው መጣ!» አልሁት። ሳቁን መያዝ አቃተው። ያን ሰው ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው መጀመሪያ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ወዳጄ ሆነ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ታቦቱ በእልልታ ወጥቶ፣ ዞሮ ገባ። ሕዝቡ ጠላውን ቀምሶ ወደ ዋርካው መጣ። ከአጎራባች መንደርም ብዙ ሰው ነበር። ከሁሉ ፊት፣ በድንጋይ መቀመጫ ላይ፣ የአካባቢው ጭቃ ሹም ተቀመጠ። ጭቃ ሹሙ ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ቁጥብ የሆነ የዚያው አገር ሰው ነው። ጣልያን ሹመቱን አጽድቆለት፣ ጠመንጃና ደመወዝ ሰጥቶት ነበር። ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሲቀመጥ በዙሪያው ያለው ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለ። ማንም ከእሱ ጋር አልተጣላም፣ ማንም ደግሞ በፊቱ ሆዱን አይነግርም።

የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተሰየሙ። «ከሳሽ!» አሉ።

አስነጋሪው ሞፈሩን ተሸክሞ ገባ። ሕዝቡ ገና ሲያየው ሳቀ። ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ወደ እኔ እየሰበቀ፣ በላ ልበልሃ ብሎ ተነሣ፦

«በሬዎቼን ጠምጄ ያረስሁትን ማሳ፣
ባለ ጭራ መጥቶ ሊወርሰው ተነሣ።»

ከዚያ ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ «እህህ!» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ንፋስ ሆኖ በሁሉም ላይ አለፈ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ዝንጀሮ የምንናገር ይመስለኝ ነበር ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። ዝንጀሮውን ብቻ ሳስብ ከርሜአለሁ። ያን «እህህ» ስሰማ ነው ወርቁ ያበራልኝ፤ ከገደል ማዶ መጥቶ፣ ባላረሰው ማሳ ገብቶ፣ ባለርስቱን ሎሌ ያደረገ ሌላ ማን ነበር? ወደ የኔታ አየሁ። ሣራቸውን ረጋ ብለው ያኝካሉ። እሳቸው ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር።

ፈራሁ። ነገር ግን ጭራ ለብሶ፣ ደረት ቀብቶ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ጎፈሬን አበጠርሁ፤ አዛጋሁ፤ በዳኛው ፊት ተጎማለልሁና ያችኑ የማሳ ግጥሜን አልሁ። ልጆቹ ጮኹብኝ፤ ሴቶቹ በማሽላ አገዳ መቱኝ። ማስፈራሪያው መሰከረ፤ ወፏ በጉቦ ተያዘች፤ ማሽላው «እኔን የሚጠይቀኝ ግን የለም» ሲል የየኔታ እኅት በዚያ ድምፃቸው «እውነቱን ነው!» ብለው ጮኹ። ሕዝቡ በሳቅ እርስ በርሱ ተደገፈ።

በዚህ መካከል ጭቃ ሹሙ ብድግ አለ። ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ዳኛው» አለ ወደ የኔታ ዞሮ፣ «ይህ ዝንጀሮ ጠበቃ የለውም። ያለ ጠበቃ አይፈረድም። እኔ ልቁምለት።»

የኔታ ሰውዬውን ትኩር ብለው አዩት። «ተፈቅዷል» አሉ።

ጭቃ ሹሙ ጠመንጃውን በድንጋዩ ላይ ትቶ ወደ እኔ መጣ። እኔም እንደ አውራው በቂጤ ቁጭ ብዬ ቅንድቤን ሰበሰብሁ።

«አንተ ዝንጀሮ፣ ጠበቃህ ነኝና ሐቁን ንገረኝ» አለኝ። «ልትከርም ነው የመጣኸው፣ ወይስ ትሄዳለህ?»

ይህ በጥናታችን ውስጥ አልነበረም። ማንም አልነገረኝም፤ ማንም በምልክት አልረዳኝም። «ጌታዬ፣ እሸቱ እስካለ ድረስ ነኝ» አልሁት።

«እሸቱ ሲያልቅስ?»

«ወደ ገደሌ እወርዳለሁ።»

«እሺ፤ ታዲያ እኔን ጠበቃህን ምን ታደርገኛለህ? ይዘኸኝ ትወርዳለህ?»

እኔ ምንም አላሰብሁም። ዝንጀሮ ምን ያደርግ ነበር ብዬ እንኳ አላሰብሁም፤ ያኔ ዝንጀሮው እኔው ነበርሁ። ተነሥቼ በአራት እግሬ ጭቃ ሹሙን ዞርሁት። ከኋላው ቆሜ ኩታውን በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ገለጥሁና ቂጡን አየሁ። በኀዘን ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጭራ የለዎትም እኮ ጌታዬ! ገደሉን አይችሉትም። ይሻልዎታል ከሰዎቹ ጋር ቢቀሩ።»

ጭቃ ሹሙ ዞሮ አየኝ። ፊቱ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ከጢሙ ሥር የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ፤ ከሆዱ ሳቅ ፈነዳ። ኩታው ከትከሻው ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ሕዝቡም ግድቡ እንደ ተጣሰ ወንዝ አብሮት ፈሰሰ።

«ዳኛው» አለ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ጠበቃነቱን ትቻለሁ፤ ይፍረዱበት!» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ከጎኑ በድንጋዩ ላይ እንዳለ ተወው እንጂ ወደ ጉልበቱ አላነሣውም።

የኔታ ተነሥተው ፈረዱ፦

«አገር የለኝ አትበል፤ አለህ ሰፊ ገደል፣
ሳይመሽብህ ውረድ ዱላችን ሳይታደል።»

እልልታው ከገደሉ ማዶ አስተጋባ። ልጆቹ እያባረሩኝ እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሮጥሁ። እንደ ሕፃን እየጮህሁ፣ ጭራዬን ይዤ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ከሳምንት በኋላ ጭቃ ሹሙ በአህያ አስጭኖ አተር ላከልን። መልእክተኛው «ለተማሪዎቹ፣ በተለይ ለዝንጀሮው» አለ። ቆየት ብሎም ወታደሮች መንደሩን ሊፈትሹ መጥተው ስለ እኛ ሲጠይቁ፣ «እነዚህ ለማኞች ናቸው፤ ከዝንጀሮ ጋር ሲጣሉ የሚውሉ ምስኪኖች» ብሎ አስተርጓሚውን ይዞ በሌላ መንገድ እንደ ወሰዳቸው ሰማን። በሆዱ ምን እንደነበር አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀውም። ግን ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ሰዎቹ በፊቱ ማውራት ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ከንግሡ በኋላ ወደ ማማዬ ወጣሁ። ማሽላው ሊታጨድ ተቃርቧል። አውራው ከገደሉ አፋፍ ተቀምጦ፣ ከተከለከለው ማሳ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። አሳዘነኝ። ማሳውን እንደ ገነት ነው የሚያየው አልሁ በልቤ። እዚያ ላይ ደነገጥሁ። ገነት! ከገነት የተባረረ ማነው? ግሱ መጣ፣ ስሙ መጣ፣ ማሰሪያው መጣ፤ ከማማው ዘልዬ ወርጄ ወደ በረታችን ሮጥሁ። አስነጋሪው ከመንገድ ሲያየኝ «ዛሬስ?» አለ። «ዛሬ አለኝ!» አልሁት፤ ቆሜ ለእሱ እንኳ ሳልነግረው አለፍሁ፤ እሱም ተከተለኝ።

የኔታ ፊት ቆሜ ጉባኤ ቃናዬን ነገርሁ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ የገነት ዝንጀሮ አዳም ያልተፈቀደለትን እሸት ቢበላ፣ ዘበኛው ኪሩብ በእሳት ወንጭፍ ወደ ምድር ገደል አወረደው።

የኔታ ሣሯን ከአፋቸው አወጡ። «ድገማት» አሉኝ። ደገምኋት። «ይበል!» አሉ። አስነጋሪውም ከኋላዬ ከየኔታ ጮክ አድርጎ «ይበል!» አለ።

ዓመቱን እዚያው መንደር ከረምን። ጉባኤ ቃናው ከተከፈተ በኋላ ሌላው እንደ ጎርፍ መጣ፤ ጣልያን ሲወጣ እኔም መወድስ ደርሼ ነበር። ከዚያ መንግሥት አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፍት አማርኛ አስተምር ተብዬ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ያደግሁበትን ሽምደዳ አልነቀፍሁም፤ ጎተራ ባዶ ከሆነ የሚዘራ የለም። ነገር ግን ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ እንዲታጠፍ አደረግሁ። ልጆቹ አንድ ክስ ይመርጣሉ፤ ወንዝ ከድልድይ፣ አህያ ከነጋዴ፣ ወንበር ከተቀማጭ። ከዚያ ይሟገታሉ። የሰው ቃል ያመጣውን «አባቷ ማነው?» እለዋለሁ።

አንድ ዓርብ ከአዲስ አበባ የመጣ ተቆጣጣሪ ሳይነገረን ገባ። ኮትና ከረቫት ያደረገ ወጣት ነው። በዚያ ሰዓት በሬ ገበሬውን ከሶ፣ ክፍሉ በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ተቆጣጣሪው ከበሩ ላይ ቆሞ ግራ ተጋባ።

«ይህ ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አለኝ።

«ገና አልተጻፈም» አልሁት።

መልሱ አላረካውም። ሊቀጥል ሲል፣ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ደፋር ልጅ፣ የዕለቱ ዳኛ እሷ ነበረችና፣ እጇን አነሣች። «ጋሼ፣ በሬዎች ሁለት ካልሆኑ አይጠመዱም፤ አንዱ ዛሬ ታሞ ቀርቷል። እባክዎ ይግቡልን።»

ተቆጣጣሪው እኔን አየ፤ እኔ መስኮቱን አየሁ። ከዚያ ኮቱን አወለቀና ወንበር ላይ ሰቀለው፤ ከበሬው ጎን በአራት እግሩ ሆኖ «እኔ ቀኝ ነኝ ወይስ ግራ?» አለ።